በየትኛው አፌ

ጥድፊያ የሚለውን ስም ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ያለው ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ መስኮት የለውም፣ እንፋሎቱ ጣሪያውን ይዞ ይንሳፈፋል፣ ማሽኖቹ ሲሽከረከሩ ሰው ከሰው የሚደማመጠው በጩኸት ነው። እዚያ ውስጥ አንሶላው ከማሽኑ ሳይወጣ እጇን የምትዘረጋ፣ ጋሪው ሳይቆም የምትጭን፣ ሻይ ሲቀርብላት እስኪበርድ መታገስ አቅቷት ምላሷን የምታቃጥል እሷ ብቻ ነበረች።

«አንቺ ሴት፣ አንሶላ እግር የለውም እኮ፤ ጥሎሽ አይሄድም» ይሏታል ጋሽ ካውያ።

ጋሽ ካውያ የሐኪሞቹን ጋዋን የሚተኩሱት ሽማግሌ ናቸው። ከጥድፊያ ጋር ያንድ አገር ሰዎች ናቸው፤ እሳቸው የወጡት ግን እሷ ሳትወለድ ነው። ድሮ ጥገኝነት ሲጠይቁ «ሥራዎት ምንድን ነው?» ቢሏቸው «ተኳሽ ነኝ» ብለው አረፉት። አስተርጓሚው ደንግጦ «ስንት ሰው ተኩሰዋል?» ሲላቸው፣ «ኧረ እኔስ ሰው ሳይለብሰው ነው የምተኩሰው» ብለው ከጉድ ወጡ። ይህን ባወሩ ቁጥር ቋንቋቸውን የሚሰማ ሁሉ በሳቅ ይፈርሳል። ጥድፊያም ትስቅ ነበር። ሰሞኑን ግን ቀልዱ አላስቃት አለ። ሰው በአንዲት ቃል ገደል ሊገባ እንደሚችል ገብቷታልና።

ነገሩ እንዲህ ነው። የነጥድፊያን አገር ወንዝ ይከፍለዋል። ወንዙ ድሮ ልብስ የሚታጠብበት፣ ከብት የሚጠጣበት፣ ሙሽራም አልቃሽም የሚሻገረው ውሃ ነበር እንጂ ድንበር አልነበረም። ኋላ ሁለት ባዕዳን መጡና ተካፈሉት። ወዲህ ያለውን ዳር የያዙት ኮፍያቸው ላይ ላባ የሚሰኩ ነበሩ፤ ማዶውን የያዙት ደግሞ ሽማግሌ ጎረምሳ ሳይሉ ቁምጣ የሚለብሱ። ሕዝቡ ባለላባዎቹና ባለቁምጣዎቹ ይላቸዋል፤ ደህና ስማቸውን ሊጠራላቸው እንኳ አይወድም። ሁለቱም ከሄዱ ቆይተዋል። ሲሄዱ ዕቃቸውን ጫኑ፤ አፋቸውን ግን ትተውት ሄዱ። ወዲህ ያለው ሰው ካልሲ፣ ቦርሳ፣ ከረሜላ፣ ፌርማታ ሲል ቀረ፤ ማዶ ያለው ሶክስ፣ ባግ፣ ካንዲ፣ ስቶፕ። የቀረው ቋንቋ አንድ ነው። ለቅሶውም አንድ፣ ስድቡም አንድ።

ጦርነቱ የተነሳው ወዲህ ነው። ጥድፊያ ገና ልጃገረድ ሳለች ወንዙን ተሻግራ ማዶ ካለው መጠለያ ገባች። እዚያ አገባች፣ እዚያ ወለደች፤ ባሏም ሥራ ፍለጋ ብሎ እንደወጣ በዚያው ቀረ። መጠለያው ሲዘጋ ልጇን አንጠልጥላ ስንቱን አገር አቋርጣ እዚህ ደረሰች። እዚህ ጥገኝነት የሚሰጡት ሰዎች ማወቅ የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ወዲህ ወይስ ማዶ? የወዲህ ሰው ከሆነች ጦርነት አለና ትቆያለች። የማዶ ሰው ከሆነች ማዶ ሰላም ነውና ትመለስ። ማዶ ደግሞ ዘመድ የላት፣ ቤት የላት፤ መጠለያውም ፈርሶ መጋዘን ተሠርቶበታል አሉ።

ጠበቃዋ በስልክ «ለቃል ምርመራ ትቀርባላችሁ» አለቻት። «አንቺም ልጅሽም፣ ለየብቻ። ቋንቋችሁን የሚያውቅ ሰው ያዳምጣችሁና ከየትኛው ወገን እንደሆናችሁ ይናገራል።»

«ከየትኛው እንደሆንኩማ ነግሬያችኋለሁ!»

«ነግረሽናል። አሁን ደግሞ አፍሽ ይንገረን ነው የሚሉት።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ጥድፊያ ከስሟ በላይ ሆነች። እግሯ መሬት አልይዝ አለ። የጋራ ኩሽና ውስጥ ድስት ጥዳ ትረሳለች፣ ረስታ ትመለሳለች፣ ተመልሳ ምን ልታደርግ እንደመጣች ይጠፋታል። ባሰባትም። ኩሽናውን የምትጋራት ጎረቤቷ ሽንኩርት እየላጠች፣ «አንዷን በካልሲ መለሷት አሉ» ብላ ወሬ ጣል አደረገችባት።

«በምን?»

«በካልሲ። ሶክስ ብላ ነዋ! የወዲህ ሰው ነኝ ብላ ስታበቃ ሶክስ። በቃ፣ በመጣሽበት ተመለሽ።»

ጎረቤትየዋ ዓይኗ የሚያነባው ከሽንኩርቱ የተነሳ ነበር። ጥድፊያ ግን ለዚያች ለማታውቃት ሴት ነው ብላ አሰበች፤ አብራት ልታለቅስም ምንም አልቀራት።

እሷስ ብትሆን? መጠለያ ውስጥ ሶክስ ማለት ለምዳለች። ባግ ማለት ለምዳለች። ልጇማ ሌላ አታውቅም፤ እዚያው ተወልዳ እዚያው አፏን የፈታች ናት። «ይቺ ልጅ አንድ ቃል ትተነፍስና ሁለታችንም አለቅን!» አለች ጥድፊያ ለራሷ።

ክፍላቸው አንድ አልጋ፣ አንድ ፍራሽና አንድ ጠረጴዛ የምትይዝ ናት። መስኮቷ ከጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ጋር ተፋጥጣለች። ጥድፊያ ከሥራ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ልጇን ማስጠናት ትጀምራለች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እማዬ፣ አሁን ገና ከትምህርት ቤት መግባቴ ነው።»

«ምንድን ነው አልኩሽ?»

«ሶክስ።»

«ወይኔ ልጄ! ወይኔ!»

«እሺ፣ ካልሲ። ካልሲ፣ ካልሲ፣ ካልሲ። ደግሞ ይሸታል።»

ልጅቷ ከእናቷ ትከሻ እኩል ደርሳለች። ምላሷም አብሮ ደርሷል። «ቆይ ግን እማዬ» አለቻት አንድ ቀን፣ ጠረጴዛው ላይ የተደረደረውን ዕቃ እያየች፤ «እኔ ያላየሁትን አገር ካልሲ ለምን እለብሳለሁ?»

«ማን ልበሺው አለሽ? ጥሪው ብቻ።»

«ሲጠሩት ይመጣል?»

«ቀልጂ! ቀልጂብኝ! አንቺ ስትቀልጂ እኔ አንጀቴ ተቆራርጦ አለቀ።»

ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በማግስቱ ጥድፊያ ቦርሳውን ስታነሳ ግን ሳትጠየቅ «ቦርሳ» አለች። ከዚያ ወዲያ ተሳስታ አታውቅም። ያነሱትን ዕቃ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ታወርደዋለች፤ ፊቷ ላይ ግን ሳቅ የሚባል ነገር የለም። ጥድፊያ ይህን ስታይ ደስ አላት፣ መልሶ ደግሞ ከፋት። ለምን እንደሆነ ቆም ብላ ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም።

ታዲያ አንድ ቀን ከሕፃናት ክፍል የመጣውን አንሶላ ስታራግፍ ከውስጡ ጡጦ ወደቀ። አንዷ እናት ረስታው ነው። ጥድፊያ ጎንበስ ብላ አነሳችውና እንደያዘችው ደርቃ ቀረች። ይህን በኛ በኩል ምን ነበር የሚሉት? አሰበች፣ አሰበች፣ ምንም አልመጣላትም። የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ስለነበረች እናቷ ቤት ጡጦ አይታ አታውቅም። ጡጦ የገዛችው መጠለያ ውስጥ ነው፣ ለዚችው ልጇ። ጡጦ ማለትንም የሰማችው እዚያ ነው። «እንግዲያው የማዶ ቃል ነው ማለት ነው!» ስለ ሕፃን የምታውቀው ነገር በሙሉ፣ ማዘያው፣ ማጠቢያው፣ ማባበያው፣ ከመጠለያ የመጣ ነው። ከወዲህ ይዛው የወጣችው አንድ የእናት ቃል የላትም።

ጡጦውን በጋዋኗ ኪስ ከታ ወደ መተኮሻው ክፍል በረረች።

«ጋሼ፣ ይሄ በኛ በኩል ምን ነበር የሚባለው?»

ጋሽ ካውያ ካውያውን አቆሙ። ጡጦውን ከፍ ዝቅ አድርገው አዩት። አግብተው አያውቁም፣ ወልደው አያውቁም፤ ግን መልስ አጥተው አያውቁም።

«ቢበሮን ነዋ!» አሉ።

«ቢበሮን?»

«ቢበሮን። እናቴ በጆሮዬ ስትለው የሰማሁት ነው። የሕፃን ጋሪውን ደግሞ ካሮሳ ነው የምንለው። ማዶዎቹ እንጃ ምን እንደሚሉት።»

ጥድፊያ ጉልበታቸውን ልትስም ምንም አልቀራት። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ሕይወት ነው የሰጡኝ!» እያለች ተመለሰች። ማምሻውን ልጇን አስቀምጣ «ቢበሮን በዪ» ስትላት አመሸች ማለት ይቻላል።

«ቢ-በ-ሮን» አለች ልጅቷ። «መድኃኒት ይመስላል።»

«ለኛ መድኃኒት ነው።»

የምርመራው ቀን ደረሰ። የመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር ረጅም ነው፤ ወንበሮቹ ሰው እንዳያነሳቸው ይመስል ከወለሉ ጋር ታስረዋል። እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጥድፊያ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ለማያውቃት ጸሎት የምታደርስ ትመስላለች፤ እሷ ግን ካልሲ፣ ቦርሳ፣ ከረሜላ፣ ፌርማታ ነው የምትለው።

«እማዬ፣ ሰው ያይሻል።»

«ይየኝ።»

መጀመሪያ የተጠራችው እሷ ናት። የልጅቷን ትከሻ ጨበጥ አድርጋ ገባች።

ክፍሉ ጠባብ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ቀይ መብራት የሚያበራ መቅረጫ፣ መቅረጫውን የምትጠብቅ የአገሩ ሰው የሆነች ጸሐፊ። ከጠረጴዛው ማዶ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሽበታም ሰው ተቀምጧል። አድማጩ እሱ ነው። ቋንቋዋን ይናገራል፤ ግን አነጋገሩ ታጥቦ የተተኮሰ ነው፣ አንዲት እጥፋት የለበትም። ከየትኛው ዳር እንደሆነ እንዳያስታውቅ፣ ለተጠያቂውም ፍንጭ እንዳይሆን፣ የላባውንም የቁምጣውንም ቃል በአፉ አያዞርም። ካልሲ ለማለት ሲፈልግ «እግር ላይ የሚጠለቀው» ይላል። ፌርማታን «መኪናው ቆሞ ሰው የሚያወርድበት» ይላል። ሌላ ቀን ቢሆን ጥድፊያ በሳቅ ትሞት ነበር።

«ሥዕል አሳይዎታለሁ፤ እርስዎ ስሙን ይነግሩኛል። ሳይጨነቁ፣ እንደ ቤትዎ።»

እንደ ቤትዎ ሲላት ጭራሽ ላብ አጠመቃት። ሥዕሎቹ መጡ። ካልሲ አለች። ቦርሳ አለች። ከረሜላ። ፌርማታ። ምላሷ ቅቤ እንደጠጣ ሆነ። ሰውየው ራሱን ነቅነቅ እያደረገ ሥዕሉን ያገላብጣል። እሰይ! አለች በልቧ። ቀጥሎ የወጣው ሥዕል ጡጦ ነው።

«ቢበሮን!» አለች፣ ክፍሉ እስኪያስተጋባ።

የሰውየው እጅ ሥዕሉ ላይ ቆመ። «ይድገሙልኝ።»

«ቢበሮን።» አሁን ድምፅዋ ቀነሰ።

ሌላ ሥዕል አወጣ። የሕፃን ጋሪ ነው።

«ካሮሳ።»

አድማጩ መነጽሩን አውልቆ ደረቱ ላይ ጣለው። «እሜቴ፣ ሞግዚት ነበሩ?»

«እኔ? ኧረ አልነበርኩም።»

«አዎ፣ ዕድሜዎም አይደርስም። ቢበሮንና ካሮሳ በባለላባዎቹ ቤት ልጆቻቸውን ያሳድጉ የነበሩ ሴቶች ቃል ነው። ከቤቱ አጥር ወጥቶ አያውቅም። እኔ የሰማሁት ከአንዲት አሮጊት ነው፤ እሳቸውም ካረፉ ቆይተዋል። እርስዎን ማን አስተማረዎት?»

ቀዩ መብራት ዓይኑን አፍጥጦ ጥድፊያን ያያታል። ልትክድ አሰበች። እናቴ እንዲህ ትል ነበር ልትል ቃሉ ምላሷ ጫፍ ደረሰ። ግን እናቷን እዚህ ጠባብ ክፍል ውስጥ አምጥታ በውሸት ማስመስከር አንገፈገፋት።

«ጠይቄ ነው» አለች። «ጡጦ የማዶ ቃል መሰለኝ። ያጠፋኛል ብዬ ፈራሁ።»

«ጡጦ?» ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን ቶሎ ጠፋ። «ጡጦማ የራሳችን ቃል ነው እሜቴ። ከጡት የወጣ ነው። ላባውም ቁምጣውም ሳይመጣ የነበረ። ወዲህም ማዶም ጡጦ ነው የሚባለው።»

«እንግዲያው ጡጦ ልበላ! ይጻፉልኝ፣ ጡጦ!»

«ብጽፈውም አይጠቅመዎትም።»

«ለምን?»

«ሁለቱም ወገን ይለዋላ። የሁለቱም የሆነ ቃል ከየት እንደመጡ አይነግረኝም። እኔ ሰው የምለየው በቀሩት ቃላት ነው።»

ጥድፊያ ይህ ነገር ወዲያው አልገባትም። ሲገባት ከወንበሯ ብድግ አለች፤ ጸሐፊዋም አብራት ብድግ አለች። «ቆይ እስቲ ጌታዬ! የራሳችን ቃል አይቆጠርልንም? የሚቆጠርልን እነሱ ጥለውት የሄዱት ነው?»

አድማጩ ቀዩን መብራት አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እዚህ ቤት አዎ። ይቀመጡ እባክዎ።»

አልተቀመጠችም። የወንበሩን መደገፊያ ይዛ ቆመች፤ ከዚያ በኋላ የመጣላትን ሁሉ ተናገረችው። «እንግዲህ ይስሙኝ። ካልሲ የምለው እናቴ ያጠለቀችልኝን ነው፤ እሱን ስጠራ ተምሬ አይደለም። ሶክስ የምለው ደግሞ ለልጄ የገዛሁላትን ነው። የልጅነቴን ነገር በወዲህ አፍ ነው የማውቀው፤ እናት የሆንኩት ግን ማዶ ነው፣ የእናትነቴን ነገር በማዶ አፍ ነው የማውቀው። ዛሬ ካልሲ ብቻ ያልኩልዎት ፈርቼ ነው። ሁለቱንም እላለሁ። ስቆጣ አንዱ ይመጣል፣ ስገዛ አንዱ ይመጣል። ሌላ አፍ የለኝም። በዚህ የሚጥሉኝም ከሆነ ይጣሉኝ።»

ሰውየው መነጽሩን አደረገና «ጨርሰናል። በዚያ በኩል ይውጡ፤ ልጅዎ ትገባለች» አለ።

በዚያ በኩል የተባለው በር የገባችበት አልነበረም። ወደ ሌላ ኮሪደር ያወጣል፤ የተጠየቀና ያልተጠየቀ እንዳይነጋገር ተብሎ የተሠራ ነው። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ። ጥድፊያ ሁለት ሦስት እርምጃ እንደሄደች ቆመች። ልጄ! ልጄ ቢበሮን ልትል ነው! ያን ሁሉ ያስጠናኋትን፣ ያን ሁሉ ከግድግዳ ጋር እየተፋጠጠች የለመደችውን፣ አንዱን ሳታዛንፍ ልትዘከዝከው ነው! እኔ እውነቱን ተናግሬ ወጥቼ ልጄን በውሸት አፍ አስቀምጫት!

በኮሪደሩ ዙሪያ ሮጣ ወደ ፊተኛው በር ለመድረስ አሰበች፤ ጫፉ ላይ ዘበኛ ቆሟል። ተመለሰች። የወጣችበትን በር አንኳኳች። መልስ የለም። ጆሮዋን ለጠፈች። የልጇ ድምፅ ይሰማል፤ ጥርት ያለ፣ ትምህርት ቤት ግጥም እንደሚያነቡት ዓይነት፦ «ካልሲ። ቦርሳ። ከረሜላ።» ቀጥሎ የሚመጣውን ጥድፊያ ታውቀዋለች። የበሩን እጀታ ተጫነችው። አልተቆለፈም ነበር።

«ተዪው!» ብላ ገባች። «ልጄ፣ ያስተማርኩሽን ተዪው! ሁሉንም ተዪው!»

ጸሐፊዋ በአገሩ ቋንቋ ጮኸች። አድማጩ እጁን አነሳ። ልጅቷ ወንበሩ ላይ ዞራ እናቷን አየቻት፤ ፊቷ እንደ በርበሬ ቀላ።

«እማዬ ምን ሆነሻል? በደንብ እያልኩ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ። በደንብ አትበዪ። እንደ አፍሽ ተናገሪ።»

«በየትኛው አፌ?» የልጅቷ ድምፅ ተሰበረ። «ስንት ቀን ስታስለቅሺኝ ከርመሽ! ያኛውን አፌን ጣይው አላልሽኝም? አሁን በየትኛው አፌ?»

ጸሐፊዋ የጥድፊያን ክንድ ይዛ እየጎተተቻት ነው። በሩ ሊዘጋ ሲል ጮክ ብላ፣ «ሲያምሽ በምትጮሂበት!» አለቻት።

ከዚያ በኋላ በሩ ተቆለፈ። ዘበኛው መጥቶ አጠገቧ ቆመ፤ ደግ ሰው ነበር መሰለኝ፣ አልተቆጣትም። ጥድፊያ ከግድግዳ ግድግዳ ተመላለሰች። አበላሸሁት፣ በገዛ እጄ አበላሸሁት አለች። እንዲህ ያለ ነገር አድርጌ ማን ያምነኛል አለች። ግን ምነው በሩን ባልከፈትኩ ልትል አልቻለችም። የልጇን ድምፅ እንደዚያ ጥርት ብሎ፣ የማንም ሳይሆን፣ ከምትሰማው ይልቅ ይሄኛው ይሻላታል።

ልጅቷ ስትወጣ ዓይኗ አብጧል። ደረጃውን ወረዱ፣ መንገዱን ተሻገሩ፣ የአውቶቡስ መጠበቂያው ጋ ደረሱ።

«ምን አልሽው?» አለች ጥድፊያ፣ መታገስ ሲያቅታት።

«መጀመሪያ አለቀስኩ።»

«እሺ።»

«ከዛ ውሃ ሰጠኝ። ከዛ ሥዕሉን ሰበሰበውና ዝም ብለሽ አውሪኝ አለኝ። ስለ መጠለያው አወራሁት። ስለ ቧንቧው ሰልፍ።» ልጅቷ የጃኬቷን እጅጌ ትጎትታለች። «እዚያ ምን እንደሚሉኝ ነገርኩት።»

«ምን ይሉሽ ነበር?»

«የካልሲ ልጅ።»

ጥድፊያ ዞራ አየቻት።

«አንቺ ስትቆጪኝ ካልሲ ትያለሽ። ካልሲሽን አጥልቂ፣ ካልሲሽን የት ጣልሽው እያልሽ ከድንኳን ድንኳን ይሰማል። ቧንቧው ጋ የሚመጡት የአካባቢው ልጆች ተከትለውኝ የካልሲ ልጅ፣ የካልሲ ልጅ ይሉኛል። ከወንዙ ወዲያ የመጣችሁ ሰዎች ናችሁ፣ ውሃችንን ጨረሳችሁ ይሉናል። ይሄንን ነገርኩት።»

አውቶቡሱ መጣ። ሰው ተሳፈረ፣ እነሱም ተሳፈሩ። ጥድፊያ ቦታ ብታገኝም አልተቀመጠችም።

መልሱ እስኪመጣ ያለው ጊዜ ከምርመራው የከፋ ነበር። ስልኳ በጮኸ ቁጥር የያዘችውን ትጥላለች። አንሶላውን ሁለት ጊዜ ታጥባለች፣ ያልደረቀውን ታጥፋለች። ጋሽ ካውያን ማናገር ፈርታ ሰነበተችና አንድ ቀን ሳታስበው አፈነዳችው።

«ጋሼ፣ ቢበሮንዎ ሊያስበላን ነበር እኮ!»

ነገሩን ስታጫውታቸው መጀመሪያ ሳቁ። ሞግዚት የሚለው ጋ ስትደርስ ግን ሳቃቸው ቀረ። ካውያውን እንደቆመ ጋዋኑ ላይ ትተው፣ «እናቴ ሞግዚት ነበረች» አሉ። «እኔ ያደግኩት ጌቶቹ ጓዳ ነው። እዚያ የሚባለውን ሁሉ፣ አገሬው የሚለው ይመስለኝ ነበር። ይኼን ሁሉ ዘመን አገሬ ብዬ ይዤ የዞርኩት ለካ የሰው ቤት ጓዳ ነው።»

«ኧረ ጋሼ፣ እንደሱ አይበሉ!»

«አልተቀየምኩሽም። ጡጦ፣ አልሽኝ?» አሉ። አንዴ ደገሙት፣ እንደ አዲስ ጥርስ በምላሳቸው እየዳሰሱት። «ጡጦ። አይ፣ ያምራል።» ካውያውን አነሱ። የሐኪሙ ጋዋን ክንድ ላይ ትንሽ ቡኒ ምልክት ቀርቶ ነበር።

ጠበቃዋ የደወለችው ጥድፊያ እስከ ክርኗ እርጥብ ልብስ ውስጥ ገብታ ሳለ ነው። የማሽኑ ጩኸት ስላላሰማት ሦስቴ አስደገመቻት። አድማጩ ልጅቷ ካወራችው ተነስቶ እናትየው የወዲህ ሰው ናት ብሏል። ልጅቷ በአነጋገሯ የማዶ ናት፤ ነገር ግን የእናቷ ልጅ ስለሆነች ከእናቷ ጋር ትቆያለች። «ሰማሽኝ? ትቆያላችሁ!» ጥድፊያ ሰምታለች። እርጥብ ጋዋን አቅፋ ምድር ቤቱን ዞረችው፣ መልሳ ዞረችው። እንኳን ደስ ያለሽ የሚላት ሰው ሁሉ እየተከተላት ነበር መሳሚያ ጉንጭ የሚፈልገው።

ቤት ስትገባ ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ወሬውን ቀድማ ሰምታለች፤ ኩሽና ውስጥ ወሬው ያልደረሰው ሰው የለም። ተቃቀፉ። ጥድፊያ ሻይ ጣደች። ጥዳ መጣች። አልጋውን አነጠፈች፣ የተነጠፈውን መልሳ አነጠፈች። ከሰነበተ ጥያቄዋ ጋር እየታገለች ነው።

«ያኔ፣ መጠለያ ሳለን» አለች በመጨረሻ፣ ጀርባዋን እንደሰጠች። «የካልሲ ልጅ ሲሉሽ። ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ታደርጊ ነበር?»

«ምን አደርጋለሁ! እቆጣቸው ነበር። እናቶቻቸው ጋ ሄጄ...»

«አትሄጂም። ካልሲ ማለት ነበር የምትተዪው» አለች ልጅቷ። ዓይኗን ከደብተሯ አላነሳችም። «ውጪ ስትወጪ ሶክስ ትያለሽ። ካልሲ የምትዪው እኔን ስትቆጪ ብቻ ነበር። ብነግርሽ እሱንም ትተዪው ነበር።»

ጥድፊያ ትራሱን እንደያዘች ቆመች። ኩሽና ውስጥ የጣደችው ሻይ ገንፍሎ ጎረቤቷ ስሟን እየጠራች ስትጮህ ይሰማል።

«እማዬ፣ ሻዩ።»

«ይገንፍል» አለች። ትራሱን አልጋው ላይ ጣለችና ወንበሩን ስባ ከልጇ ፊት ለፊት ተቀመጠች። እግሯ ጠረጴዛው ሥር አሁንም ይንቀጠቀጣል፤ ደብተሩም አብሮ እየተንቀጠቀጠ ልጅቷ መጻፍ አቃታት።